አርባ አንደኛው ቀለበት

ታኅሣሥ አሥራ አንድ ቀን ጧት ሰገነት ወልደ ሚካኤል ወደ ገደሉ ስትወርድ ሁለት እጆቿን ከጃኬቷ ኪስ አላወጣችም። የጄነሬተሩ ሠራተኛ ጀብሪል ብርድ መስሎት፣ "በያጅም ይበርደዋል እንዴ? እሳት ከእጅሽ አይጠፋ!" ብሎ ቀለደባት። እሷ የደበቀችው ግን የጣቶቿን መንቀጥቀጥ ነበር።

ያን ቀን ቧንቧው በውኃ ሊፈተን ነው። ከመካነ ሰላም ወጣ ብሎ ካለው ምንጭ ተነሥቶ ገደሉን ይወርዳል፤ ታች ወንዙን በሁለት የሲሚንቶ ምሰሶዎች ላይ ይሻገርና እንደገና ሽቅብ ማዶ ወዳለው መንደር ይወጣል። ሰማንያ ስድስት ቦታ ላይ የአንዱ ቧንቧ ጫፍ ከሌላው ጋር ዙሪያውን ተበይዷል። የመንደሩ ሰው እነዚህን ዙሪያ ብየዳዎች ቀለበት ይላቸዋል። ሰማንያ ስድስቱንም ያጠለቀቻቸው ሰገነት ናት፤ በየአጠገባቸው በነጭ ቀለም ቁጥር ጽፋባቸዋለች። አብዛኞቹን ረስታቸዋለች። አርባ አንደኛውን ግን ከአንድ ወር ወዲህ ለአንዲት ሰዓት እንኳ አልረሳችውም። እሱ ያለው ወንዙ ዳር፣ ቧንቧው ቁልቁለቱን ጨርሶ ወደ ምሰሶው በሚታጠፍበት ክርን ላይ ነው። ሆዱ ውስጥ ስንጥቅ እንዳለ ትጠረጥራለች። ይህን የነገረችው ሰው የለም።

አባቷ ቄስ ወልደ ሚካኤል በሚካኤል ደብር ያገለግላሉ፤ ዜማም ያስተምራሉ። ሰገነት ያደገችው ከተማሪዎቹ ጎጆ አጥር ሥር ነው። ሳታስበው ጆሮዋ ተስሎ፣ አንዱ ተማሪ ሲሳሳት አባቷ "ተመለስ" ከማለታቸው በፊት እሷ በልቧ ትመልሰው ነበር። በኋላ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ገብታ ብየዳ ስትማር የጠቀማት ይኸው ጆሮ ሆነ። ጥሩ ብየዳ ካፊያ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ሲያርፍ የሚያሰማው ዓይነት ወጥ ድምፅ አለው። ሲበላሽ ይተፋል፣ ያስነጥሳል። ሌሎቹ ተማሪዎች በጥቁሩ መነጽር ውስጥ ሲያፈጡ እሷ ታዳምጥ ነበር። እኔ፣ በፈተናው ዕለት ወንዙ ዳር ከነበሩት አንዱ፣ ይህን ከእሷ እስክሰማ ድረስ ብረት ዜማ ይኖረዋል ብዬ አስቤ አላውቅም።

ቧንቧዎቹ በወረኢሉ በኩል በከባድ መኪና የመጡት በጥቅምት ነው። ሲራገፉ አገሩ ሁሉ ወጥቶ አየ። ሁለት ዓይነት ነበሩ። አንደኛው ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ቀጥ ያለ ስፌት አለው። ሁለተኛው ግን ስፌቱ ቧንቧውን እየዞረ፣ እየዞረ የሚሄድ ነው። የማዶዋ እትዬ በዛች፣ ውኃ ከወንዝ ሲያመላልሱ ጀርባቸው የጎበጠ ባልቴት፣ መቋሚያቸውን ተደግፈው ሁለተኛውን በጥርጣሬ አዩት።

"ይሄ ሁለመናው ጠባሳ ነው" አሉ። "ያኛው ይሻላል፤ አንዴ ብቻ ነው የተሰፋ። ይሄ ግን የቄስ ጥምጥም ነው የሚመስል!"

"እትዬ፣ ጥምጥሙ ነው ታች ወንዙ ጋ የሚቀመጠው" አለች ሰገነት እየሳቀች። "ወፍራሙ እሱ ነው።"

"ወይ ጉድ! እስቲ ንገሪኝ፣ እንዴት ነው የሠሩት?"

ሰገነትም ነገረቻቸው። ቀጥ ያለው ስፌት ሲሠራ ላሜራው እንደ ሰሌን ይጠቀለልና ሁለቱ ከንፈሮቹ በኤሌክትሪክ ይግላሉ፤ ሲግሉ ማሽኑ አጋጥሞ ይጨምቃቸዋል። ሌላ ብረት አይጨመርበትም፤ ብረቱ ራሱ ከራሱ ጋር ይዋሐዳል። የተጠማዘዘውን ደግሞ ረጅሙን ላሜራ እያሽከረከሩ ነው የሚበይዱት፤ መጀመሪያ ከውስጥ፣ ቀጥሎ ከውጭ። የብየዳው እሳት ግን አይታይም። ዱቄት ይፈስበታል፤ እሳቱ ከዱቄቱ ሥር ተቀብሮ ነው ብረቱን የሚያቀልጠው።

"እንደ ተዳፈነ እሳት በይኛ!" አሉ እትዬ በዛች።

ሰገነትን ገረማት። አስተማሪዋ ሦስት ቀን ሙሉ ሲያስረዳ የከረመውን ነገር ባልቴቷ በአንድ ቃል ጨረሱት። "እንደ ተዳፈነ እሳት" አለች። "አየር ስለማያገኘው ንጹሕ ይሆናል።"

"የቱ ይበልጣል ታዲያ?"

"ውኃ ቧንቧን የሚገፋው እንደ ጠገበ ሆድ ወደ ጎን ነው። ቀጥ ያለው ስፌት ጉልበቱን ፊት ለፊት ይቀበላል። ሲከፈት እንደ ባቄላ ገለባ ነው የሚከፈት። የተጠማዘዘው በሰያፍ ስለሚሄድ ትንሽ ይቀልለታል። ግን ስፌቱ ረጅም ነው፤ ስፌት በረዘመ ቁጥር የሚሳሳትበት ቦታም ይበዛል።"

"ጭራሽ ስፌት የሌለው የለም?"

"አለ እንጂ። ድፍኑን ብረት አግለው መሐሉን ይበሱታል። እሱ ለእኛ አልመጣም።"

"እንግዲህ በስፌቱ እንሙታ!" ብለው ሳቁ። ቀጥለውም፣ "የአንቺስ? የቀለበቱ?" አሏት።

"የእኔ በእጅ ነው፤ ኤሌክትሮዱን፣ እየቀለጠ የሚያልቀውን ዘንግ፣ ይዤ በትንሽ በትንሹ፣ ሽፋን በሽፋን እደርበዋለሁ። የፋብሪካው ማሽን አይደክመውም፣ አይቸኩልም፣ በዓል የለው።"

ይህን ስትል እንደ ዋዛ ነበር። በኋላ ግን ቃሉ ተመልሶ መጣባት።

ነገሩ የሆነው ኅዳር አሥራ አንድ ቀን ነው። ያን ቀን የክርኑን ቧንቧ በገመድ አውርደው እስኪያስተካክሉ፣ በዚያ ላይ የጀብሪል ጄነሬተር እምቢ ብሎ፣ ሥራው የተጀመረው ከሰዓት በኋላ ነበር። ሰገነት የመጀመሪያውን ሽፋን ዙሪያውን አዞረች። ይህ ሽፋን እንደ እንቁላል ቅርፊት ስስ ነው፤ ሌሎቹ ሽፋኖች ትኩስ በትኩስ እየተደረቡበት ነው የሚጠነክረው። ሁለተኛውን ልትጀምር ኤሌክትሮድ ስትቀይር ከላይ ከአፋፉ የዋዜማው ደወል ተሰማ። ነገ ኅዳር ሚካኤል ነው።

ሰገነት የኤሌክትሮዱን መያዣ አስቀመጠችው።

"ምነው?" አለ ጀብሪል።

"ደወሉ ተደወለ።"

"ሩብ ሰዓት እኮ ነው የቀረሽ። ጨርሺና ሂጂ።"

"የሚካኤል ዋዜማ ነው፣ ጀብሪል። ከልጅነቴ ጀምሮ ደወል ከተሰማ በኋላ ሥራ ነክቼ አላውቅም።"

ጀብሪል ጄነሬተሩን አጠፋው። "ወላሂ እናንተ ብረትም ታስጾማላችሁ!" አለ። ሁለቱም ሳቁ፤ ዳገቱንም ወጡ።

ያን ሰሞን ውርጭ ወረደ። በማግሥቱ ሰው ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ስሞ፣ በየደጁ ቆሻሻ ሲያጤስ ዋለ። ስስ ቅርፊቷን የለበሰው ብረት ሁለት ሌሊት በብርድ አደረ። ሰገነት ኅዳር አሥራ ሦስት ጧት ስትመለስ ሣሩ ላይ ጨው የተነሰነሰ ይመስል ነበር። ብረቱን በሽቦ ብሩሽ ጠረገችው። ከታች በኩል፣ ሰው ጎንበስ ካላለ በማያየው ቦታ፣ ቀጭን ጥቁር መስመር አየች። ከቅንድብ ጠጉር አትወፍርም።

የብሩሹ ጭረት ነው አለች ለራሷ። አንድ ጊዜ ደግማ ብትቦርሸው ይለይ ነበር፤ ጭረት ከሆነ ይጠፋል፣ ስንጥቅ ከሆነ ይቀራል። አልቦረሸችውም። ለምን እንዳልቦረሸችው ስጠይቃት፣ "እንዳይቀር ፈርቼ" አለችኝ። ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን፣ አራተኛውን ሽፋን ደረበችበት። የላይኛው እንደ ዓሣ ቅርፊት ተስተካክሎ ወጣ። የውኃ ሥራው ኃላፊ ኢንጂነር አለኸኝ መጥቶ በባትሪ አየውና፣ "ከሁሉም ይኼ ያምራል" አላት። ያን ዕለት ምሳ አልበላችም።

ከዚያ ወዲያ ፍርሃቱ አብሯት ይተኛል፣ አብሯት ይነሣል። ኢንጂነሩን በወሬ ወሬ አስመስላ፣ ዙሪያ ብየዳ ምን ያህል እንደሚሸከም ጠየቀችው። "የቁመቱ ስፌት ከሚሸከመው ግማሹን ብቻ" አላት፤ ደስታዋ ፊቷ ላይ ሊወጣ ሲል ግን፣ "ክርን ላይ ሲሆን ሌላ ነው። ውኃው ክርኑን ወደ ውጭ ስለሚገፋው ቀለበቱን ይጎትተዋል" ብሎ ጨመረ። በመዶሻ ቧንቧዎቹን እያንኳኳች አዳመጠች። ሌሎቹ ይጮኻሉ፤ አርባ አንደኛው የሚያጉረመርም መሰላት። ምሰሶ ስለተጠጋ ይሆናል አለች። ቁጥሩ እንኳ ያስፈራት ጀመር፤ አርባ አንድ ጊዜ እግዚኦ ይባላል፣ አባቷ ሲቆጥሩ ስትሰማ እያንዳንዱ ወደዚያ ቀለበት የሚያደርሳት ደረጃ ይመስላታል።

ለምን አልተናገረችም? ማዶዎች "የቄስ ልጅ እሳት ትገዛለች" እያሉ ያወሩላታል፤ ይህን ማጣት አንድ ነገር ነው። ይበልጥ ያፈነው ግን ሌላ ነበር። ምክንያቱን ብትጠየቅ "ለበዓሉ ብዬ አቋርጬው ነው" ልትል ነው። ይህ አባቷ ፊት ሚካኤልን መክሰስ ሆኖ ታያት።

እንዲህ እያለች የፈተናው ቀን ደረሰ።

ውኃው ከምንጩ ከተለቀቀ በኋላ ወንዙ ዳር የተገጠመው የግፊት መለኪያ መርፌ ቀስ እያለ ይወጣ ጀመር። ቧንቧው ሲሞላ አሥራ ስድስት ባር ላይ ቆመ፤ ይህ ከአፋፍ እስከ ወንዝ የቆመው የውኃ ክብደት ብቻ ነው። ከዚህ በላይ በእጅ ፓምፕ እየገፉ ሃያ አራት ማድረስ ነበረባቸው። ኢንጂነሩ ሰዎች ራቅ እንዲሉ ነገራቸው። ማን ይስማው? ክርኑ አጠገብ ያለው ሜዳ ለጥ ያለ ነው፤ ጠዋት ፀሐይ የሚያገኘውም እሱ ብቻ ነው። ጀሪካን ይዘው የመጡ ሴቶች ተቀመጡበት።

"ውኃ ምን ያደርገናል? ዕድሜ ልካችንን ተሸከምነው እኮ!" አሉ እትዬ በዛች።

ቄስ ወልደ ሚካኤል መስቀላቸውን ይዘው በበቅሎ ወረዱ። ውኃውን ሊባርኩ ነው። ሰዉ መስቀሉን እየተሳለመ አሳለፋቸውና ቀጥ ብለው ክርኑ ጋ ቆሙ፤ ሰገነት ከፓምፑ አጠገብ ሆና አየቻቸው። አሥራ ሰባት። ጀብሪል የፓምፑን ዘንግ ይጫናል፣ ይለቃል። አሥራ ስምንት። ሰገነት፣ አሁን ዞር ይላሉ፣ አሁን ዞር ይላሉ እያለች ጠበቀች። አሥራ ዘጠኝ። ቄስ ወልደ ሚካኤል ግራ እጃቸውን ቀለበቱ ላይ፣ በነጭ ቀለም ከተጻፈው ቁጥር አጠገብ አሳረፉ።

"ይንቀጠቀጣል" አሉ ፈገግ ብለው። "ነፍስ ያለው ነገር ነው የሚመስል።"

"አባዬ!" ጩኸቷ ከማዶ ገደል ተመልሶ መጣ። "እጅዎን ያንሡ! ዞር ይበሉ! ሁላችሁም ከዚያ ተነሡ! ጀብሪል፣ አቁም!"

ጀብሪል ዘንጉን ለቀቀው። ሴቶቹ ጀሪካናቸውን ጥለው ተነሡ። አባቷ ግን ነገሩ ስላልገባቸው እዚያው ቆመው ቀሩ። ሮጣ ሄዳ በክንዳቸው ጎተተቻቸው፤ አባቷን እንዲያ ነክታ አታውቅም።

"ምን ሆነሻል?" አለ ኢንጂነር አለኸኝ። "ይዟል እኮ! መርፌው አልወረደም።"

"አርባ አንደኛው ልክ አይደለም። ውኃውን ይልቀቁት።"

"በምን አወቅሽ?"

"አይቼ ሸፈንኩት።"

ኢንጂነሩ ፊቱ ጠቁሮ ማስወጫውን ከፈተ፤ ውኃው ነጭ ሆኖ እያፏጨ ወደ ወንዙ ተወረወረ። ከዚያ በኋላ ነው ሁሉንም የተናገረችው፤ ደወሉን፣ ሁለቱን የውርጭ ሌሊቶች፣ ጥቁሯን መስመር። ስትናገር አባቷን አላየችም።

"አንድ ወር ሙሉ?" አለ ኢንጂነሩ።

"አንድ ወር ሙሉ።"

"ፍቺው።"

ቧንቧው እስኪደርቅ ጠበቁና ሰገነት የብረት መላጫውን ግራይንደር አነሣች። የላይኛው ሽፋን ተላጠ፤ ሥሩ ንጹሕ ነው። ሁለተኛውም ንጹሕ። አሁን ደግሞ ሌላ ፍርሃት ያዛት። ምንም ባይገኝስ? ይህን ሁሉ ሰው ያስበረገገችው በከንቱ ቢሆንስ? ከኋላዋ አንድ ሰው፣ "ብረቱስ ጤነኛ ነው፤ የታመመችው ልጅቱ ናት" ሲል ሰማች። ሦስተኛውን ላጠችው። ብልጭታው ሲቆም ኢንጂነሩ ተንበርክኮ ባትሪውን አበራ።

መስመሯ ነበረች። አራት ጣት ሙሉ ተጋድማ። ብረቱ በግራይንደሩ ስለሞቀ ከመሐሏ አንዲት የውኃ ጠብታ ብቅ አለች፤ ተንጠለጠለችና ወደቀች። ውኃው ስስዋን ቅርፊት አልፎ ከሽፋኖቹ ሥር ደርሶ ነበር ማለት ነው።

ኢንጂነር አለኸኝ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። "ውኃ ብቻ ከሆነ ይረጫል እንጂ ብዙም አይጎዳ" አለ ቀስ ብሎ። "የሆነ ቦታ አየር ታፍኖ ቢሆን ግን ብረቱን ፈንቅሎ ይወረውረው ነበር።" ዓይኑ ቄስ ወልደ ሚካኤል ቆመውበት ወደነበረው ሣር ሄደ። ሁላችንም ብንሆን ወደዚያው ነበር የምናይ።

ስንጥቁን እስከ ሥሩ አወጣችው። ሴቶቹ እንጨት ለቅመው ከክርኑ ሥር እሳት አነደዱ፤ ብረቱ ሞቅ ካላለ እንደገና ይሰነጠቃል ብላ ነግራቸው ነበር። ኢንጂነሩ ከትከሻዋ አልራቀም። የመጀመሪያዋን ሽፋን አስገባች፤ ጆሮዋን ሰጥታ አዳመጠች፣ ድምፁ ወጥ ነው። ኤሌክትሮድ ልትቀይር ቀና ስትል ከአፋፉ ደወል ተሰማ።

የታኅሣሥ ሚካኤል ዋዜማ። በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ቦታ፣ በዚያው ስስ ቅርፊት ላይ። እጇ አየር ላይ ቀረ። ሰዉ ሁሉ ዞሮ ቄሱን አየ። እሳቸው እኮ አሁን ቤተ መቅደስ መሆን ነበረባቸው።

"ለምን ቆምሽ?" አሉ አባቷ።

"ደወሉ..."

"ሰምቻለሁ።" ጋቢያቸውን ከትከሻቸው አወረዱ። ከወንዙ የሚመጣውን ነፋስ አዩና አንዱን ጫፍ ለጀብሪል ሰጡት፣ ሌላውን ራሳቸው ይዘው ክርኑን ከለሉት። "ባለፈውም ወጥተሽ ብትጠይቂኝ ይህንኑ ነበር የምልሽ። መጠየቅ ምን ያስፈራል?"

"ወላሂ ዛሬስ ብረቱ ፈሰከ!" አለ ጀብሪል ከጋቢው ጀርባ። ቄሱም ሳቁ፣ ሰገነትም መነጽሯን አውርዳ ሳታቋርጥ አራቱንም ሽፋን ጨረሰች። ስትጨርስ ጋቢው በፍንጣሪ ተበሳስቶ ነበር። በዚያው በተበሳሳ ጋቢ ቀለበቱን ጠቀለሉት፤ ቀስ ብሎ እንዲቀዘቅዝ።

ታኅሣሥ አሥራ ሦስት ቀን ፈተናው ተደገመ። ኢንጂነሩ ሰዉን ሁሉ ከትልቁ ቋጥኝ ጀርባ አስቀመጠ፤ የተቃወመው የለም። አየሩ በየማስወጫው እስኪወጣ ተጠበቀ። መርፌው ሃያ አራት ደረሰ። ሰገነት ከቋጥኙ ጠርዝ ሆና ያችን መርፌ ሁለት ሰዓት ሙሉ አየቻት። በወንዙ ዳር ወፍ እንኳ ስትነሣ ትደነግጥ ነበር። መርፌዋ አልተነቃነቀችም። ኢንጂነሩ፣ "በቃ፣ ይዟል" ሲል ሴቶቹ እልል አሉ።

እትዬ በዛች በመቋሚያቸው እየተደገፉ መጡና እጇን ያዙ። ዓይኗ ግን ከመርፌዋ አልተነቀለም ነበር።

"አብሽሪ ልጄ! ያዘ እኮ። አሁንም ትፈሪያለሽ?"

"አዎ፣ እትዬ። ሌሎቹን ሰማንያ አምስቱን አላስታውሳቸውም።"

ባልቴቷ ትንሽ አሰቡ። "እሰይ" አሉ። "አንቺ ፍሪልን፤ እኛ እንጠጣ።"

ሰገነት መዶሻዋን አነሣች፤ ወደ አርባ ሁለተኛው ሄዳ አንኳኳችና ጆሮዋን አስጠጋች።